የአጎቴ ዲቲ እና የፊንጫ አልኮል

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ዓለም ከተማ ስወጣ፣ አጎቴ ቤት ገብቼ የመጀመሪያው ጠላ ሳያልቅ አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም ነበር። «እንዴት ነው፣ ያ አረቄ የገባበት ቤንዚል አሁንም አዲሳባ ይሸጣል?»

እኔም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ነበረኝ። «ኧረ ቆሟል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።» ከዚያ ዓይኔን ወደ ጓሮ እሰዳለሁ። እዚያ፣ ከበጎቹ ጉረኖ አጠገብ፣ የማዳበሪያ ጆንያ የለበሰች አንዲት ያማሃ ዲቲ 125 ቆማለች። አጎቴም ወደዚያው ያያሉ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጨዋታው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። ለአሮጌ ሞተር ብስክሌት ምን ዓይነት ቤንዚን ይስማማታል? ኢታኖል የሚሉት አልኮል እውነት ሞተር ይገድላል ወይ? እኔ ይገድላል ብዬ ስናገር ኖሬያለሁ። የተናገርኩት ስለማውቅ አልነበረም፤ ስለሚመቸኝ ነበር።

*

ሞተሯን አጎቴ የገዟት በጨረታ ነው፤ በ1990 ዓ.ም.፣ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ንብረቱን ሲያስወግድ። ያኔም አዲስ አልነበረችም። አጎቴ የክትባት ሠራተኛ ነበሩ። መርሐ ቤቴን የሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አገሩ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች ተከቦ የቆመ አምባ ነው፤ ጠርዙ ሁሉ ገደል። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ሙከ ጡሪ ላይ ትታጠፋላችሁ። ለሚ ስትደርሱ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከዚያ መንገዱ ድንገት ወደ ጀማ ይወርዳል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል። ድልድዩ ጋ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል። ቀጥሎ ደግሞ ሽቅቡ፣ እስከ ዓለም ከተማ፣ 2,280 ሜትር ገደማ።

በዚህ አገር የክትባት ብልቃጥ በበረዶ ሳጥን ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር በበቅሎ ከሆነ በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል። በሞተር ከሆነ ይደርሳል። ሰዎች ዲቲዋን «የርስዎ በቅሎ» ሲሏቸው አጎቴ አይወዱም ነበር። «በቅሎማ ይደክማታል» ይላሉ።

ዲቲ ባለ ሁለት ምት ሞተር ናት። ቫልቭ የላትም፤ ዘይቷን ከቤንዚኗ ጋር አብራ ታቃጥላለች፤ ጭሷ ሰማያዊ፣ ድምጿ የተቆጣ ንብ ነው። የምትፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ንጹሕ ካንዴላ፣ ዘይት፣ ሰልባትዮዋ ውስጥ ቤንዚን። (በነገራችን ላይ ካንዴላም ሰልባትዮም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያኖች ሞቶ ጉዚያቸውን ይዘው መጡ፣ በአምስት ዓመታቸው ወጡ፤ የጋራዡን መዝገበ ቃላት ግን ትተውልን ሄዱ።)

ቤንዚኑ ከየት እንደሚመጣ አጎቴም እኔም ጠይቀን አናውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ድፍድፍ ዘይት በሶቪየቶች ዕርዳታ በተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ይጣራ ነበር። ማጣሪያው በ1997 ተዘጋ፤ በዓመቱ ጦርነቱ መጣ፤ የነዳጁ መንገድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለተወሰኑ ዓመታትም ቤንዚን ከሱዳን በቦቴ ይገባ ነበር። ዓለም ከተማ ለምትኖር ሞተር ግን ይህ ሁሉ ፖለቲካ በሦስት ነገር ይጠቃለላል፦ ማደያ፣ ጀሪካን፣ ሃይላንድ። ማደያው ሲደርቅ ጀሪካን፣ ጀሪካኑ ሲያልቅ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በየሱቁ በር።

ስለዚህ አጎቴ ለቤንዚን የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው። አንድ ጠብታ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው እፍ ይላሉ። ቶሎ ደርቆ እጁን ነጭ ካደረገው ቤንዚን ነው። ቅባት ትቶ ከቀረ ላምባ ገብቶበታል። የነጭ ጋዝ ዋጋ ከቤንዚን ዝቅ ባለባቸው ዓመታት ይህ ብርቅ አልነበረም። ላምባ የገባበት ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል፤ አቀበት ላይ ፒስተኑ ላይ መዶሻ እንደመምታት ነው። ምርመራውን ያለፈውን ቤንዚን ደግሞ አሮጌ ነጠላ አራት እጥፍ አጥፈው ያጠሉታል። ውሃና ዝገት ነጠላው ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ እያየሁ አደግሁ። አንድም ነገር አልተማርኩም።

*

በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አጎቴ ሞተሯን ሰጡኝ። ወገባቸው እምቢ ብሏቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ነበር። ጤፍ በጫነ አይሱዙ ላይ ወጣች። ሹፌሩ ስለቸኮለ ስንብቱ አጭር ነበር። አጎቴ የሆነ ነገር ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፍተው መኪናው ተንቀሳቀሰ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ መጀመሪያ አጠብኳት። የሰልባትዮው ክዳን ሥር ተጣጥፎ የተወተፈ የፌስታል ቁራጭ አገኘሁ። «የገጠር ነገር» ብዬ ጣልኩት።

ያኔ ከተማው ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን ጥርት ያለ ቤንዚን አልነበረም። መንግሥት የባዮፊውል ስትራቴጂውን እ.ኤ.አ. በ2007 አውጥቶ ነበር። በቀጣዩ ክረምት የዓለም የነዳጅ ዋጋ በበርሜል ወደ 147 ዶላር ሲወጣ፣ ለአንድ ነዳጅ አስመጪ አገር አልኮል የመቀላቀል ሐሳብ ቅንጦት መሆኑ ቀረ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአዲስ አበባ የሚቀርበው ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል መግባት ጀመረ፤ ድብልቁ የሚዘጋጀው ሱሉልታ ነበር። በመጋቢት 2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ዲቲዋ ከተማ ከገባች አምስተኛ ወሯ ነበር።

አልኮሉ የመጣው ከፊንጫ ነው። ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር፣ ዝልግልግ ሞላሰስ ይቦካል፣ ይነጠራል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ግማሹን መንገድ ያውቀዋል፤ ጋኑ ትልቅ ነው፣ ጌሾ የለም፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አረቄ ውስጥ ውሃ አለ፤ እንዲያውም ባይኖር ማን ይጠጣዋል? ቤንዚን ውስጥ የሚገባ አልኮል ግን 99.5 በመቶ ያህል ደረቅ መሆን አለበት። በተራ ማንጠር ደግሞ ከ96 በመቶ ማለፍ አይቻልም። አልኮልና ውሃ እዚያ ጋ ተቃቅፈው አብረው ይተንናሉ። የቀረችውን ትንሽ ውሃ ለማላቀቅ ሌላ ፋብሪካ የሚያህል ማሽን ያስፈልጋል። ይህን መተቃቀፍ ያዙልኝ፤ የዚህ ታሪክ ወንጀለኛ እሱ ነው። ማለት፣ አንዱ ወንጀለኛ።

ፊንጫም ጀማም የአባይ ገባሮች መሆናቸውን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። በአንዱ ወንዝ ዳር የበቀለ ሸንኮራ ሌላውን ወንዝ ተሻግራ ከመጣች ሞተር ጋር አዲስ አበባ ላይ ተገናኘ።

በጥር 2005 ዲቲዋ አልነሣም አለች። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ረገጥኳት። መካኒኩ ካርቡራተሩን ሲፈታው ታችኛው ሳህን ላይ አረንጓዴ አተላ ተኝቷል። ቤንዚን የሚያልፍባት የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ተደፍናለች። የቤንዚን ጎማው አብጦ እንደ ማስቲካ ለስልሷል። ሰልባትዮውን ሲገለብጠው ሻይ የመሰለ ዝገት ፈሰሰ።

መካኒኩ ጣቱን አሸተተ። «ይሄማ ኢታኖሉ ነው» አለ። «አሮጌ ሞተር ሁሉ እንዲህ እየሆነ ነው የሚመጣው።»

እንዴት ያለ እፎይታ እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ማታውኑ አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ መንግሥት ቤንዚን ውስጥ አልኮል ቀላቅሎ ሞተሯን አበላሸብን።» በሌላው ጫፍ ዝም አሉ። ቆይተው «እንዲያ ነው?» አሉ። በወሩ በአይሱዙ ጭኜ መለስኳት።

*

ታዲያ ኢታኖሉ ነበር? እስቲ ክሱን በደንብ እንስማው፤ ከሳሾቹ ብዙ ናቸውና።

አዲስ አበባ ወደ 10 በመቶ ስትሸጋገር፣ በእነዚያው ወራት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ፣ ጀርመንም ያንኑ ድብልቅ ማደያዎቿ ላይ አወጣች። ካርልሃይንዝ በም መርሐ ቤቴ ውስጥ ለዓመታት ስለሠሩ፣ ዓለም ከተማም ባቫሪያ ውስጥ ፋተርሽቴተን የምትባል እህት ከተማ ስላላት፣ ጀርመን ለእኛ ለዓለም ከተማ ልጆች እንደ ጎረቤት ወረዳ ነች። ጎረቤቶቻችን ግን እምቢ አሉ። ሾፌሩም ሞተረኛውም «ሞተሬን ትበሉብኛላችሁ» ብሎ ከአዲሱ ቤንዚን ራቀ። ነገሩ አስቸኳይ ስብሰባ እስከማስጠራት ደረሰ። የቀድሞው 5 በመቶ ቤንዚን ከጎኑ እንዲሸጥ ተደርጎ፣ የፈራ ከዚያ ይቀዳል። እንግሊዝ በ2021 መስከረም 10 በመቶውን መደበኛ ስታደርግ ለአሮጌ ተሽከርካሪዎች 5 በመቶውን በውድ ዋጋ አስቀረችላቸው። አሜሪካ 15 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን ሞተር ብስክሌት ውስጥ መጨመር ክልክል ነው ብላ ማደያው ላይ ለጠፈች።

እዚህ ነው ልዩነቱ። እዚያ «ለአሮጌ ሞተሬ የትኛውን ቤንዚን ልምረጥ?» የሚል ጥያቄ ትርጉም አለው፤ ሁለት ቧንቧ ቆሞ ይጠብቃል። እኛ ጋ ቧንቧው አንድ ነው። «ቤንዚን አለ?» ነው ጥያቄው። ቃሉን ልብ በሉት፦ አለ ወይስ የለም። ምን ዓይነት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማደያ ላይ ሰልፍ አስይዞ ይሰደባል።

ጀርመኖቹ እንዲህ ይፍሩ እንጂ አልኮል ለሞተር አዲስ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1923 ቤንዚን ውስጥ አልኮል እንዲቀላቀል በሕግ አዛለች፤ የወይንና የስኳር ቀይ ሥር ገበሬዋን ለመርዳት። እንግሊዝ አገር ከ1928 እስከ 1968 «ክሊቭላንድ ዲስኮል» የሚባል አልኮል ያለበት ቤንዚን ይሸጥ ነበር። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ በጓንት የሚነኩት የእንግሊዝ ሞተሮች በወጣትነታቸው እሱን የሚጠጡ ነበሩ። ብራዚል በ1931 ጀምራ፣ በ1975 ደግሞ አገራዊ ዘመቻ አድርጋው፣ ዛሬ ቤንዚኗ ከሩብ በላይ ኢታኖል ነው። እዚያ ሆንዳ በ1981 በአልኮል ብቻ የምትሄድ ሲጂ 125 ሠርቶ ሸጧል።

ታዲያ አልኮሉ መካከል ላይ የት ጠፋ? ይህችን ለብቻዋ ልንገራችሁ። የ1920ዎቹ መሐንዲሶች ችግር ቤንዚኑ ጊዜውን ሳይጠብቅ መፈንዳቱ ነበር፤ አጎቴ አቀበት ላይ የሚሰሙት መዶሻ ማለት ነው። አልኮል ይህን እንደሚያስታግስ ይታወቅ ነበር። በታኅሣሥ 1921 ግን የጄኔራል ሞተርሱ ቶማስ ሚድግሊ አንድ የእርሳስ ውሁድ በጣም በትንሽ መጠን ያንኑ እንደሚሠራ አገኘ። አልኮልን ማንም ገበሬ ያነጥረዋል። የእርሳሱን ነገር ግን በፓተንት ማጠር ይቻላል። በ1923 «ኢቲል» በሚል ስም ገበያ ወጣ፤ እርሳስ የሚለው ቃል ስሙ ላይ የለም። በዓመቱ ኒው ጀርሲ ውስጥ አምስት ሠራተኞች በመርዙ አብደው ሞቱ። ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ቀጠለ።

መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው ያበቃው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻ ላይ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተሰናበቱ። የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች።

ዲቲዋ በ1990 በጨረታ ስትገዛ ታዲያ በዚህ የእርሳስ ዘመን ውስጥ ነበረች። ለሞተሯ ተስማምቷታል፤ አንድም ቀን አልታመመችም። እርሳስ የሚጎዳው የልጆችን አእምሮ ነው። አጎቴ ልጆችን ከኩፍኝና ከፖሊዮ ሊያድኑ በየቀበሌው የሚዞሩባት ሞተር ከኋላዋ ምን እየበተነች እንደነበር ሳስብ ግራ ይገባኛል። በረዶ ሳጥኑን ግን በሌላ በምን ያደርሱት ነበር? «ለሞተር የሚስማማ ቤንዚን» የሚለው አባባል እንዲህ ብዙ ነገር ይሸሽጋል።

*

ወደ ክሱ እንመለስ። ኢታኖል አሮጌ ሞተር ላይ የሚያደርሰው እውነተኛ ጉዳት አለ።

አንደኛው፣ ጥሩ አጣቢ ነው። ሃያ ዓመት ሰልባትዮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቅርፊት አሟሙቶ ወደ ካርቡራተሩ ይልከዋል። ሁለተኛው፣ ለእሱ ያልተሠራ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። መካኒኩ ያየው የቤንዚን ጎማ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ሰውየው ልክ ነበር። ሦስተኛው፣ በውስጡ ኦክስጅን ስላለ ሞተሩ ከለመደው አየር የበዛበት ቅልቅል ይደርሰዋል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ይህን አይወድም፤ ይግላል፣ ከባሰም ፒስተኑ ይጣበቃል።

ይህን ሦስተኛውን ስሰላው ግን ሳቄ መጣ። የእንግሊዝ ሞተረኞች የሚፈሩት ነገር እኛን ብዙም አይነካንም፤ ምክንያቱ ከፍታችን ነው። 10 በመቶ ኢታኖል ቅልቅሉን ወደ አራት በመቶ ገደማ ያሳሳዋል። ካርቡራተር ግን ፋብሪካ ሲስተካከል ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ያልተነካ ካርቡራተር እዚህ ከአሥር በመቶ በላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላዎቻችን ጥላሸት የሚለብሱት ለዚህ ነው። ኢታኖሉ ከዚያ ትርፍ ላይ ትንሽ ቢቀንስ ለዲቲዋ እንዲያውም ደግ ነገር ነው። ጀማ ወንዝ ዳር ስትወርድ፣ አየሩ ሲወፍርና ሙቀቱ ሲጨምር፣ ያኔ መጠንቀቅ ይገባል። እሷ ግን በተደባለቀ ቤንዚን ጀማ ወርዳ አታውቅም።

የቀረው አራተኛው ነው፣ ውሃው። አልኮል ውሃ ይወዳል ብያለሁ። ጥርት ያለ ቤንዚን ውስጥ ውሃ ሲገባ ወዲያው ወደ ታች ይሰምጣል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ግን ውሃውን አቅፎ ይይዘዋል፤ እስከ ግማሽ በመቶ ገደማ። ይህ በደህናው ጊዜ ጥሩ ነው፦ ትንሿ ጤዛ ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥላ ትወጣለች። ከዚያ ካለፈ ግን መተቃቀፉ ይፈርሳል። አልኮሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ታች ደግሞ ሞተሩ የሚጠባበት ቀዳዳ አለ።

ሰልባትዮ ውስጥ ሦስት ሊትር ቢኖር ግማሽ በመቶ ስንት ነው? 15 ሚሊ ሊትር። አንድ የሾርባ ማንኪያ።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። በሰኔ 2004 መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ወር ብሎ ሐዋሳ ላከኝ። ሰባት ወር ቆየሁ። ዲቲዋን የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው ቦታ፣ አንድ አሮጌ አንሶላ ጣል አድርጌባት ሄድኩ። ሰልባትዮዋ ግማሽ ነበር። የአዲስ አበባ ክረምት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሐምሌ ላይ አከራዬ ደውለው «ልጄ፣ ሞተርህ እየበሰበሰች ነው፤ በረንዳ ላስገባት ቁልፉን ላክ» ብለውኛል። እሺ አልኩ። አልላክሁም።

ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ አንዲት ማንኪያ ውሃ በክዳኑ ሥር ማለፍ ያቅታታል? ሰልባትዮው ውስጥ ጥርት ያለ ቤንዚን ቢሆንም ኖሮ ውሃው ይሰምጥ ነበር፣ ብረቱ ይዝግ ነበር፣ ሰባት ወር የቆመው ቤንዚንም ይሞት ነበር። ኢታኖሉ ነገሩን አፋጠነው፣ ጎማውን በላው። ለዚያ ይጠየቃል። ሞተሯን ዝናብ ላይ የተዋት ግን እሱ አይደለም።

ድብልቁም ቢሆን አልዘለቀም። አቅርቦቱ እየተቆራረጠ ተዳከመ። በ2012 ኮሮና ሲመጣ የስኳር ፋብሪካዎቹ ኢታኖል የእጅ ማጽጃ ሆኖ መዳፋችን ላይ ፈሰሰ። እኔም በዚያ ሰሞን እጄን ባሸሁ ቁጥር የመካኒኩን ጣት አስታውስ ነበር።

*

በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ዓለም ከተማ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ አልኮል የማይበላው የቤንዚን ጎማ፣ የካርቡራተር ጥገና ዕቃ፣ አዲስ ካንዴላ፣ ለሰልባትዮው ክዳን ደግሞ አዲስ ጎሚኒ ይዤ ነበር። ሁለት ቀን ጓሮ ውስጥ ዋልን። ሰልባትዮውን ጠጠርና ኮምጣጤ ጨምረን እየነቀነቅን አጠብነው፤ የጎረቤት ልጆች በተራ ነቀነቁልን። ሦስተኛው ቀን ከማደያ ቤንዚን ቀድቼ መጣሁ።

«ቆይ» አሉ አጎቴ። «አረቄ እንደሌለበት በምን ታውቃለህ?»

ይህን ጥያቄ እጠብቅ ነበር። ባዶ ሃይላንድ ወስጄ ትንሽ ውሃ ጨመርኩ፤ ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ አሰመርኩ። በላዩ አሥር እጥፍ ያህል ቤንዚን ጨምሬ ዘግቼ ነቀነቅሁት። «አልኮል ካለበት ከውሃው ጋር ይወርዳል፤ ውሃው ከመስመሩ በላይ ያድጋል» አልኳቸው። መሬት ላይ አስቀምጠን ጠበቅን። ሁለቱ ሲለያዩ የታችኛው ልክ መስመሩ ላይ ቆመ።

አጎቴ በጣም ተደሰቱ። ቤት ገብተው የደብረ ብርሃን አረቄ ይዘው ወጡ፤ ማንኪያ ላይ ጠብ አድርገው ክብሪት ጫሩ። ሰማያዊዋ ነበልባል ተነሥታ ጠፋች፤ ማንኪያው ላይ ውሃ ቀረ። «ይኸው፣ ይሄም እንደዚያ ነው። ሰክሮ የቀረው ውሃው ነው» አሉ። ሁለት ምርመራ፣ አንድ ኬሚስትሪ። የሳቸው ያምራል።

ያን ጊዜ ነው የወጣልኝ። «ጋሼ፣ ቤንዚኑ አልነበረም።»

ዝም ብለው አዩኝ። ሐዋሳን ነገርኳቸው። አንሶላውን፣ ክረምቱን፣ አከራዬ መደወላቸውን ነገርኳቸው። ማንኪያውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሰሙኝ። ከጨረስኩ በኋላም መጥረጋቸውን አላቆሙም።

«ክዳኑ ሥር ፌስታል ነበረ» አሉ በመጨረሻ። «እሱን ምን አደረግከው?»

«ጣልኩት።»

«ጎሚኒው ተበጣጥሶ ነበር። ፌስታሉን በመርፌ በስቼ ያደረግሁለት እኔ ነኝ፤ አየር እንዲያገኝ፣ ዝናብ እንዳይገባ። ልነግርህ ስል ያ ሹፌር ነዳው።» ትንሽ ቆዩ። «ከዚያ በኋላ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ነገ ዛሬ ስል ተረሳ።»

«ታዲያ ለምን በየዓመቱ ቤንዚኑ ነው ይሉኝ ነበር?»

«እኔ መቼ አልኩ? ያልከው አንተ ነህ። እኔ አሁንም ይሸጣል ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩህ።»

ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ወደ ሞተሯ ዞርኩ። አጎቴ ነጠላቸውን አራት እጥፍ አጥፈው የሰልባትዮው አፍ ላይ ያዙልኝ። ቤንዚኑን ቀስ ብዬ አጠለልኩት። አዲሱን ጎሚኒ አስገባሁ፣ ክዳኑን ዘጋሁ። አጎቴ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩት።

በሰባተኛው እርግጫ ተነሣች። ጉረኖው ውስጥ ያሉት በጎች በረገጉ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ጓሮው ሰማያዊ ጭስ ሆነ።

«ስንት ሊትር ነው የገዛኸው?» ብለው ጆሮዬ ላይ ጮኹ።

«ሁለት!»

«በል ዛሬውኑ ይለቅ፤ እንዳታሳድርባት» አሉና ከኋላ ወጡ።